የብልጭታ መንኰራኵርና ሞተሩ

በምህንድስና ታሪክ ውስጥ ስማቸው ዘወትር የሚነሣ መሣሪያዎች አሉ፤ ስማቸው ሳይነሣ የሥራውን ሸክም ተሸክመው ያለፉም አሉ። ስለ ራዲዮ ቴሌግራፍ አጀማመር በሚጻፉ መጻሕፍት ስለ አንቴናው ከፍታ፣ ስለ አስተላላፊው ኀይልና ስለ ፈልሳፊዎቹ የባለመብትነት ክርክር ብዙ ይባላል። ብልጭታውን የሚቈርጠውን መንኰራኵር ያዞር ስለ ነበረው ሞተር ግን የሚባለው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል የአንድ ጣቢያ ድምፅ ጥራት፣ የመልእክቱ ርቀት፣ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወት በዚህ መንኰራኵር ትክክለኛ አዟዟር ላይ የተመሠረተ ነበር።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ከሙያችን ታሪክ አንድ ጉዳይ መርጬ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ይህን ርእስ የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ትንሽ የምትመስል የአንድ ክፍል ምርጫ የመላውን ሥርዓት ጠባይ እንዴት እንደምትወስን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ የማይገኝ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የቴስላን ጥምጥም በቤታቸው የሚሠሩ ወጣቶችና የቴክኒክ ተማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በኋላም እንደ አዲስ የሚያነሡት መሆኑ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1. ክፍተቱ መሽከርከር ለምን አስፈለገው?

ሃይንሪኽ ኸርትዝ በ1887 እና በ1888 በካርልስሩኸ ከተማ የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ መኖሩን በሙከራ ያረጋገጠው በሁለት የብረት ጫፎች መካከል በሚዘል ብልጭታ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት አስተላላፊዎች ሁሉ በመሠረቱ ይህንኑ ዘዴ የተከተሉ ናቸው። ትራንስፎርመሩ ካፓሲተሩን ይሞላል፤ ቮልቴጁ በቂ ከፍታ ላይ ሲደርስ በክፍተቱ ውስጥ ያለው አየር ይሰበርና ብልጭታ ይዘላል፤ በዚያች ቅጽበት ካፓሲተሩ በጥምጥሙ ሽቦ በኩል በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜውም ወደ አንቴናው ተሻግሮ ይሠራጫል።

እንግዲህ ክፍተቱ እንደ በር ነው ማለት ይቻላል። በር ደግሞ መከፈቱ ብቻ አይበቃም፤ በጊዜው መዘጋትም አለበት። ችግሩ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ብልጭታው ካለፈ በኋላ አየሩ እንደ ጋለና ኤሌክትሪክ እንዳስተላለፈ ይቈያል። ኀይሉ አነስተኛ ሲሆን ክፍተቱ በራሱ ይቀዘቅዛል፤ ኀይሉ ሲጨምር ግን ብልጭታው ወደማይጠፋ ነበልባል ይለወጣል። በዚያን ጊዜ ትራንስፎርመሩ በነበልባሉ በኩል አጭር ዙር ስለሚሆን ካፓሲተሩ እንደገና መሞላት አይችልም። ይህም ማለት ብዙ ኀይል እየተቃጠለ የሚተላለፈው ግን ጥቂት ነው ማለት ነው።

በ1901 ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ በእንግሊዝ አገር በፖልዱ ለማርኮኒ የነደፈው ጣቢያ ይህን ችግር በትልቁ አሳይቷል። አልተርኔተሩ 25 ኪሎዋት ያህል ኀይል ያመነጭ ነበር፤ ክፍተቱ ግን የማይንቀሳቀስ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ማርኮኒ የዚህን ጣቢያ ምልክት በኒውፋውንድላንድ ሆኖ መስማቱን ቢያስታውቅም የተላለፈው አንዲት ፊደል ብቻ ነበረች። ከአንዲት ፊደል ተነሥቶ ዘወትር ወደሚሠራ የንግድ አገልግሎት ለመድረስ በሩን በጊዜው የሚዘጋ ዘዴ መፈለግ ግድ ሆነ።

ዘዴውም መንኰራኵር ሆነ። በዲስክ ዙሪያ የብረት ዘንጎች ይተከላሉ፤ ዲስኩ ሲዞር ዘንጎቹ በቆሙ ኤሌክትሮዶች አጠገብ ያልፋሉ። ሲቀራረቡ ብልጭታው ይዘላል፤ ሲራራቁ ነበልባሉ ተስቦ ይበጠሳል፤ የሚነሣውም ነፋስ ብረቱን ያቀዘቅዛል። ኒኮላ ቴስላ በ1899 በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ባካሄደው ሙከራ በሞተር በሚዞር መቈራረጫ ይሠራ ነበር።

2. ሁለት መንገዶች፦ ፌሰንደንና ማርኮኒ

መንኰራኵሩ ከተገኘ በኋላ የመጣው ጥያቄ ምን ያዙረው የሚል ነበር። ለዚህም ሁለት መልሶች ተሰጡ።

የመጀመሪያው መልስ የካናዳ ተወላጁ ሬጂናልድ ፌሰንደን በማሳቹሴትስ ግዛት በብራንት ሮክ ያቆመው ጣቢያ ነው። ፌሰንደን 40 የፈረስ ጉልበት ባለው የእንፋሎት ሞተር የሚዞር፣ በሴኮንድ 125 ዑደት የሚሰጥ አልተርኔተር ነበረው። መንኰራኵሩን የተከለው በዚያው በአልተርኔተሩ ዘንግ ላይ ነው። ስለዚህ ቮልቴጁ በየዑደቱ ሁለት ጊዜ ጫፍ ላይ ሲደርስ ዘንጎቹም ሁልጊዜ በቦታቸው ይገኙ ነበር፤ በሴኮንድም 250 እኩል ብልጭታ ይዘል ነበር። የፌሰንደን ምርጫ እንግዲህ የተለየ ሞተር አለመምረጥ ነበር ማለት ይቻላል፤ ምንጩና በሩ በአንድ ዘንግ ታስረዋልና። በጥር ወር 1906 ይህ ጣቢያ በስኮትላንድ ማክሪሃኒሽ ከቆመው አቻው ጋር አትላንቲክን ተሻግሮ ተመላላሽ መልእክት ተለዋወጠ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 5 ቀን የማክሪሃኒሽ አንቴና ምሰሶ በማዕበል ስለ ወደቀ ሥራው ተቋረጠ እንጂ መንኰራኵሩ ተግባሩን ፈጽሟል።

ሁለተኛው መልስ ማርኮኒ በ1907 በአየርላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ በክሊፍደን የከፈተው ጣቢያ ነው። ማርኮኒ በዚያ የተጠቀመው በተከታታይ በተያያዙ ወደ 6000 በሚጠጉ የባትሪ ሴሎች የሚደገፍ ከፍተኛ የዲሲ ቮልቴጅ ነበር። የዲሲ ምንጭ ጫፍም ሸለቆም ስለሌለው ዲስኩ የሚጠብቀው ቅጽበት የለም፤ የብልጭታው ቍጥር የሚወሰነው በዲስኩ ፍጥነትና በዘንጎቹ ብዛት ብቻ ነው። ስለዚህ ዲስኩን የሚያዞረው ሞተር ፍጥነቱን አጽንቶ መያዝ ብቻ ይጠበቅበት ነበር።

ከዚህ የምንረዳው ሞተሩ የሚመረጠው በራሱ ባሕርይ ብቻ ሳይሆን በምንጩም ባሕርይ እንደ ሆነ ነው። ምንጩ ኤሲ ከሆነ መንኰራኵሩ ከሞገዱ ጋር እኩል መራመድ አለበት፤ ዲሲ ከሆነ ግን ነጻ ነው። ይህ ልዩነት ሳይገባቸው መንኰራኵር የሠሩ ብዙዎች ሥራቸው ለምን እንዳልሰመረ ሳያውቁ ቀርተዋል።

3. ከጩኸት ወደ ዜማ

የብልጭታው መደበኛነት ሌላም ጥቅም አስገኘ። በዚያ ዘመን መልእክት ተቀባዩ በጆሮው የሚሰማው የብልጭታውን የድግግሞሽ ድምፅ ነበር። የቆመው ክፍተት የሚሰጠው ዝቅተኛና ሻካራ ድምፅ ከመብረቅና ከአየር ጠባይ ከሚመጣው ጩኸት ጋር ይመሳሰል ስለ ነበር ሁለቱን ለይቶ መስማት እጅግ ያደክም ነበር። ብልጭታው በሴኮንድ ብዙ መቶ ጊዜ በእኩል ጊዜ ሲዘል ግን በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ እንደ ዋሽንት ድምፅ የጠራ ዜማ ይሰማል። የቴሌግራፍ ሠራተኞችም ጣቢያዎችን በድምፃቸው ለመለየት ቻሉ።

በጀርመን አገር የቴሌፉንከን ኩባንያ ወደዚህ ግብ በሌላ መንገድ ደረሰ። ማክስ ቪን በ1906 ባገኘው ውጤት ላይ ተመሥርቶ ብዙ ጠባብ ክፍተቶችን በተከታታይ ደርድሮ ብልጭታው በራሱ ቶሎ እንዲጠፋ አደረገ፤ ከ500 ዑደት አልተርኔተር ጋርም በሴኮንድ 1000 ብልጭታ አገኘ። በዚህ ዘዴ የሚሽከረከር ነገር አያስፈልግም ነበር። ስለሆነም መንኰራኵሩ ገና በወጣትነቱ ተወዳዳሪ ነበረው።

ይሁን እንጂ ታላቁን ፈተና ያለፈው መንኰራኵሩ ነው። በ1912 ታይታኒክ የተባለችው መርከብ 5 ኪሎዋት የማርኮኒ አስተላላፊ ነበራት። አስተላላፊው በመርከቧ የዲሲ መስመር በሚሠራ ሞተር የሚዞር አልተርኔተር ሲኖረው የብልጭታው ዲስክ ከዚያው ዘንግ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ይኸውም የፌሰንደን ሐሳብ መሆኑ ነው። አደጋው ከመድረሱ አንድ ቀን አስቀድሞ አስተላላፊው ተበላሽቶ ጃክ ፊሊፕስና ሃሮልድ ብራይድ የተባሉት ሠራተኞች ለብዙ ሰዓት ደክመው ጠገኑት። በሚያዝያ 14 ሌሊት መርከቧ ከበረዶ ተራራ ጋር ከተጋጨች በኋላ ፊሊፕስ ለመስመጥ ጥቂት ደቂቃ እስኪቀራት ድረስ የእርዳታ ጥሪውን ሳያቋርጥ አስተላለፈ። ጥሪውን ካርፓቲያ የተባለችው መርከብ ሰምታ በመድረሷ 700 ያህል ሰዎች ተረፉ፤ ፊሊፕስ ግን አልተረፈም። በዚያች ሌሊት ሞተሩ፣ አልተርኔተሩና ዲስኩ በአንድ ዘንግ ላይ ሆነው ለሁለት ሰዓት ያህል ሥራቸውን ሳያስተጓጕሉ ሠርተዋል።

4. መንኰራኵሩ ወደ ቤት ሲገባ

በአሜሪካ በ1912 የወጣው የራዲዮ ሕግ ለአማተሮች 1 ኪሎዋት ኀይልና 200 ሜትር የሞገድ ርዝመት ወሰነ። ከዚህም በኋላ በሺህ የሚቈጠሩ ወጣቶች በጓዳና በጋራዥ መንኰራኵር ማዞር ያዙ። የኮነቲከት ነዋሪ የነበረው መሐንዲስ ሃይራም ፐርሲ ማክሲም በ1914 ወደ ስፕሪንግፊልድ መልእክት መላክ አቅቶት በመካከል ባለ አማተር በኩል ማስተላለፉ የአሜሪካ ራዲዮ አማተሮች ማኅበር እንዲቋቋም ምክንያት ሆኗል። እርሱ ይሠራበት የነበረው ተሽከርካሪ ክፍተት «አሮጊቷ ቤትሲ» በሚል ስም ይታወቃል፤ በማኅበሩ ዋና መሥሪያ ቤትም በቅርስነት ተጠብቋል።

የቤት ሠሪው ችግር ከፌሰንደን ችግር ይለያል። ፌሰንደን አልተርኔተሩ በእጁ ነበር፤ የቤት ሠሪው አልተርኔተር ግን ብዙ ኪሎሜትር ርቆ በኀይል ማመንጫው ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ መንኰራኵሩን በዘንጉ ላይ ሊተክል አይችልም። ያለው አማራጭ ከሦስት ዓይነት ሞተሮች አንዱን መምረጥ ነው።

የመጀመሪያው በእጅ መሰርሰሪያና በምንጣፍ መጥረጊያ ውስጥ የሚገኘው ባለ ካርቦን ዩኒቨርሳል ሞተር ነው። በቀላሉ ይገኛል፤ ፍጥነቱም በቮልቴጅ ይስተካከላል። ነገር ግን ጭነት ሲቀልለት በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ሊፈተለክ ይችላል፤ ከመስመሩም ሞገድ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

ሁለተኛው ተራው ኢንዳክሽን ሞተር ነው። ጠንካራ ነው፤ ካርቦንም የለው። ነገር ግን ምንጊዜም ከሲንክሮነስ ፍጥነቱ ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል። በ50 ኸርትዝ መስመር ላይ ባለ አራት ፖል ሞተር ሲንክሮነስ ፍጥነቱ በደቂቃ 1500 ዙር ሲሆን በተግባር የሚዞረው 1440 ያህል ነው እንበል። በዲስኩ ላይ አራት ዘንጎች ቢኖሩ በሴኮንድ 96 ጊዜ ይገጣጠማሉ፤ የቮልቴጁ ጫፎች ግን 100 ናቸው። በዚህም ምክንያት ዘንጎቹ በሴኮንድ አራት ጊዜ ጫፉን ያገኙታል፤ አራት ጊዜም ፈጽመው ይስቱታል። በካፓሲተር ውስጥ የሚከማቸው ጕልበት የቮልቴጁ ካሬ ስለሆነ በጫፉ ግማሽ ላይ የሚዘል ብልጭታ የሚያገኘው ሩብ ጕልበት ብቻ ነው። ድምፁ እየጐላና እየደከመ የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። የከፋው ደግሞ ትራንስፎርመሩና ካፓሲተሩ ለሬዞናንስ የቀረቡ ከሆነ፣ ብልጭታ ባለፈው ቍጥር ቮልቴጁ ከተገመተው በላይ እየወጣ ሁለቱንም ሊሰብራቸው መቻሉ ነው።

ሦስተኛው ሲንክሮነስ ሞተር ነው። ይህ ሞተር ከመስመሩ ጋር እኩል ስለሚራመድ የሩቁ ተርባይን ዘንግ በሽቦ በኩል እስከ ሠሪው ጠረጴዛ ድረስ እንደ ተዘረጋ ሊቈጠር ይችላል። በአዲስ አበባ የሚዞር ሲንክሮነስ ሞተር በጊቤ 3 ከሚዞሩት ጀነሬተሮች ጋር በአንድ ሥርዓት የታሰረ ነው። የፌሰንደን ዘንግ በዚህ መልክ ለቤት ሠሪው ተመለሰለት ማለት ነው።

ሲንክሮነስ ሞተር ያላገኘ ሠሪ ደግሞ ከኢንዳክሽን ሞተር ሊያበጀው ይችላል። ሮተሩን አውጥቶ ከፖሎቹ ቍጥር ጋር እኩል የሆኑ ጠፍጣፋ ገጾች በእኩል ርቀት ይሞርድበታል፤ በፍሬዛ ቢሠራው ይበልጥ ይስተካከላል። ሮተሩ ክብነቱን ሲያጣ መግነጢሱ በአንዳንድ አቅጣጫ ይቀለዋል፤ በዚህም ምክንያት ፍጥነቱ ወደ 1500 ሲጠጋ ከሚዞረው መግነጢሳዊ መስክ ጋር ተቈልፎ ይዞራል። ጕልበቱ በእጅጉ ስለሚቀንስ ሞተሩ መጀመሪያ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ መሆን ይኖርበታል። ባለ አራት ፖል ሞተር በአራት ቦታ ሊቈለፍ ይችላል፤ ሆኖም ዘንጎቹም አራት ከሆኑ በየትኛውም ቦታ ቢቈለፍ ውጤቱ አንድ ነው። ዘንጎቹ ከጫፉ ጋር ትክክል እንዲገጥሙም የሞተሩን አካል በመደገፊያው ላይ ጥቂት ማዞር ይበቃል፤ በባለ አራት ፖል ሞተር የአካሉ አንድ ዲግሪ በሞገዱ ላይ ሁለት ዲግሪ ነውና።

እዚህ ላይ ለአገራችን አንባቢ መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። ስለ ጉዳዩ የተጻፉት የአሜሪካ ጽሑፎች 1800 እና 3600 ዙር ይላሉ፤ ይህ ለ60 ኸርትዝ ነው። በእኛ 50 ኸርትዝ መስመር ተመሳሳዮቹ ሞተሮች 1500 እና 3000 ይዞራሉ። በታርጋው ላይ 60 ኸርትዝ ብቻ የተጻፈበትን ሞተር በዚያው ቮልቴጅ በእኛ መስመር ላይ ማስነሣት ብረቱን በመግነጢስ አጥግቦ ያግለዋል፤ ቮልቴጁ ወደ አምስት ስድስተኛ ያህል መቀነስ አለበት።

5. ፍጥነትና ዋጋው

ፍጥነት በበዛ ቍጥር ነበልባሉ ቶሎ ይበጠሳል። ዘንጎቹ 200 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ተተክለው በደቂቃ 3000 ዙር ቢዞሩ በሴኮንድ 31 ሜትር ያህል ይጓዛሉ። 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ዘንጎች ተላልፈው እስኪያበቁ የሚወስድባቸው ጊዜ የሴኮንድ 0.38 ሺኛ ያህል ነው፤ በ1500 ዙር ይህ ጊዜ እጥፍ ይሆናል።

ዋጋው ግን በሌላ በኩል ይከፈላል። 6 ሚሊሜትር ውፍረትና 36 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው የተንግስተን ዘንግ 20 ግራም ያህል ይመዝናል። በ1500 ዙር ይህ ዘንግ ከዲስኩ ለመውጣት የሚስበው ኀይል 5 ኪሎግራም ያህል ክብደት ነው፤ በ3000 ዙር 20 ኪሎግራም፤ በ10,000 ዙር ግን ከ220 ኪሎግራም ይበልጣል። በእጅ መሰርሰሪያ ሞተር ላይ በትንሽ ቡሎን የተያዘ ዘንግ የጥይት ያህል አደገኛ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ዲስኩ ጠንካራ የፋይበር ንጣፍ ሊሆን፣ ሚዛኑ ሊስተካከል፣ በወፍራም መከለያም ሊሸፈን ይገባል።

የሥራ ቅደም ተከተሉም የማይጣስ ነው። ሞተሩ መጀመሪያ ይነሣል፤ ሙሉ ፍጥነቱን ከያዘና ከተቈለፈ በኋላ ብቻ ከፍተኛው ቮልቴጅ ይለቀቃል። ሲዘጋም በተቃራኒው ነው። ሞተሩ በድንገት ቢቆም ቮልቴጁ በሌላ መንገድ እንዲወርድ ከትራንስፎርመሩ ጋር ትይዩ የሆነ የቆመ መጠባበቂያ ክፍተት መኖር አለበት። 0.03 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ15,000 ቮልት ከ3 ጁል በላይ ይይዛል፤ ከጀርባውም ትራንስፎርመሩ ስላለ አንዲት ስሕተት ነፍስ ታጠፋለች። ይህን ሥራ ለሚጀምር ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባው ይህ ነው።

6. የመንኰራኵሩ ፍጻሜ

በ1913 የአሜሪካ ባሕር ኀይል በዋሽንግተን አጠገብ በአርሊንግተን የፌሰንደንን ዘዴ የሚከተል 100 ኪሎዋት ሲንክሮነስ የብልጭታ አስተላላፊ አቆመ። ምናልባትም የመንኰራኵሩ ጥበብ ከፍተኛው ደረጃ ይህ ነበር። ነገር ግን በዚያው ጣቢያ ከፖልሰን የቅስት አስተላላፊ ጋር ሲነጻጸር 30 ኪሎዋት ብቻ የነበረው የፖልሰን አስተላላፊ በልጦ ተገኘ።

ምክንያቱ ሞተሩ አልነበረም። ብልጭታ በባሕርዩ እየከሰመ የሚሄድ ውዝዋዜ ነው፤ ጕልበቱን በሰፊ የፍሪኩዌንሲ ክልል ላይ ይበትናል። የቅስቱ አስተላላፊ ግን የማይቋረጥ ሞገድ ይሰጣል። በታኅሣሥ 1921 የአሜሪካ አማተሮች አትላንቲክን ለመሻገር ባደረጉት ፈተና በስኮትላንድ ከተሰሙት ጣቢያዎች አብዛኞቹ የቫክዩም ቱቦ አስተላላፊዎች ሆኑ። በ1927 በዋሽንግተን የተደረገው ዓለም አቀፍ የራዲዮቴሌግራፍ ጉባኤም የብልጭታ ሞገድ ቀስ በቀስ እንዲወገድ ወሰነ። ዛሬ በብልጭታ መልእክት ማስተላለፍ ክልክል ነው፤ የቴስላ ጥምጥም ሠሪዎችም ሞገዳቸው ጎረቤትንና መስመሩን እንዳያውክ የመከላከል ግዴታ አለባቸው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እናገኛለን። በአንድ በኩል፣ ሞተርን በፈረስ ጕልበቱና በዋጋው ብቻ የሚመርጥ ሠሪ ከምንጩ ጋር ያለውን ግንኙነት ስለሚዘነጋ ሥርዓቱን ያበላሻል። ለኤሲ ምንጭ ሲንክሮነስ ሞተር፣ ለዲሲ ምንጭ ፍጥነቱን አጽንቶ የሚይዝ ሞተር የሚለው የፌሰንደንና የማርኮኒ ፍርድ ዛሬም አልተሻረም። በሌላ በኩል፣ በአርሊንግተን እንደታየው፣ እያንዳንዱ ክፍል በትክክል ተመርጦ እንኳ መሠረተ ሐሳቡ ራሱ ዳር ከደረሰ የክፍሎች መሻሻል አያድነውም። የመንኰራኵሩ ሠሪዎች ለሃያ ዓመት ሞተርን፣ ዘንግንና ዲስክን ሲያሻሽሉ ኖረው በመጨረሻ የበለጣቸው የማይሽከረከር የመስታወት ቱቦ ነው። አንድ መሐንዲስ በእጁ ያለውን ክፍል ማሻሻል መቼ እንደሚበቃና መሠረቱን መጠየቅ መቼ እንደሚጀምር የመለየቱ ችሎታ ከሌሎቹ የሙያው ችሎታዎች ሁሉ የሚከብድ ይመስለኛል፤ እኛም በየመሥሪያ ቤታችን በየዕለቱ የምንፈተነው በዚሁ ነው።